ዓይን በላው የተባለው ዛፍ

ቤት የገዛ ሰው ወዳጅ ቢቀንስ ይሻለዋል። ወዳጅ ካልመጣ አያደንቅም፤ ካላደነቀ ደግሞ... ቆይ፣ ልንገራችሁ።

ሰመር ላይ የልብ ወዳጄ ዘሪሁን ኦቤትስ ከተማ ካለው ዌርሃውስ ሺፍቱን ጨርሶ አዲሱን ቤቴን ሊያይ መጣ። ጓሮዬ ያለውን ጥድ አሻቅቦ አየና፣ "አቤት ሲያምር! እንዲህ ያለ ጥድ አይቼ አላውቅም" አለ። በቃ። "ከዓይን ያውጣው" የለ፣ "እንትፍ እንትፍ" የለ። እኔ እንኳ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም።

ኖቬምበር ላይ ጥዱ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቅጠሉ ረግፎ አለቀ። ጥድ ሲረግፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደኔ ራስ ተመልጦ ቁጭ አለ። እንደማላምን ነግሬያችኋለሁ፤ ብቻ ክሊቭላንድ አቬኑ ባለው የሐበሻ ሥጋ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው "የዘሪሁን ዓይን ጥዴን በላው" አልኩ። ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ ዘሪሁንን ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። አራስ ሊጠይቅ ሲሄድም "ሕፃኑ ተኝቷል" ይሉታል። እኔ ኮል ሳደርግለት አያነሳም።

ኤፕሪል ላይ ጥዱ ለምለም ሆኖ ብቅ አለ። ልጄን ጠርቼ ባሳያት፣ "ዳድ፣ ኢትስ ኤ ላርች። ኢት ዳዝ ዛት ኤቭሪ ይር" አለችኝ።

ላርች! ለካ በየዓመቱ ረግፎ በየዓመቱ የሚያቆጠቁጥ የጥድ ዘመድ ኖሯል። ስልኬ ላይ የስሙን ትርጉም ፈለግኩ። ሮማውያን "ላሪክስ" ይሉት ነበር አሉ፤ እነሱ ከማን እንደወሰዱት ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ድንቅ ነው። እኛ ለልጅ ስም ስናወጣ የጎረቤት ጠብ ሳይቀር እንጨምርበታለን፤ እነዚህ ፈረንጆች ግን ትርጉሙ የጠፋ ስም ተሸክመው ሰው ያጣላሉ። "ይረግፋል" ቢሉት ምን ነበረበት?

ዘሪሁንን ቤቱ ድረስ ሄጄ ለምኜ ሥጋ ቤቱ ወሰድኩት። እዚያው በሰው ፊት የዛፉን ፎቶ እያሳየሁ ሁሉን ተናገርኩ። "ጥፋቱ የስሙ ነው" ብዬም ጨመርኩ።

ዘሪሁን ፎቶውን አተኩሮ አየ። "ትርጉም ከሌለው እኔ ስም ላውጣለት፤ 'ተመለስ' በለው" አለ። ታረቅን ብዬ ደስ አለኝ።

እጁን ሰደድ አድርጎ ኮፍያዬን አነሳና መላጣዬን ለተሰበሰበው ሰው አሳየ።

"ይሄን ግን፣" አለ፣ "እኔ አድንቄው አላውቅም።"