አጎቴና ደረቁ ጉድጓድ

ነዳጅ የተፈለገበት ከተማ ሁሉ «ሊወጣ ነው» የሚል አንድ ሰው አያጣም። ነዳጁ ባይኖር እንኳ እሱ ይኖራል። የእኛው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሰፈሩ «ክቡር የከርሰ ምድር ሚኒስትር» ይለዋል። ለነዳጅ ፈላጊ ኩባንያዎች ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ነድቷል። ጂኦሎጂስቶቹ ከኋላ ወንበር የሚያወሩትን እየለቃቀመ ሊቅ ሆነ።

ድንጋይ አንስቶ ያሸታል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። «ሽታው አለ። የወራት ጉዳይ ነው» ይላል። የሚሸተው የገዛ እጁ ናፍጣ መሆኑን ደፍሮ የሚነግረው አልነበረም።

የመጀመሪያው ኩባንያ ጉድጓድ ሊቆፍር ሲመጣ የከባድ መኪናው መንገድ በአጎቴ የብርቱካን ማሳ ውስጥ ማለፍ ነበረበት። ዛፎቹን ራሱ ቆረጣቸው።

«አብረን ያሳደግናቸው እኮ ናቸው» አለችው ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ።

«ነዳጁ ይውጣ እንጂ ሺህ እንተክላለን» አላት።

ጉድጓዱ ደረቅ ሆነ። በሲሚንቶ ደፈኑት፤ ቁጥር የተጻፈበት የብረት ቱቦ አቆሙበትና ሄዱ። ሚስቱም እህቷ ዘንድ ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

ሁለተኛው ኩባንያ ጋዝ አገኘ። ለሙከራ አንድ ሳምንት አቃጠለውና «አያዋጣም» ብሎ ዕቃውን ጫነ። እኛ በከሰል ጭስ እየተጨናበስን ነበልባሉን በኩሽና መስኮት ስናይ ሰነበትን። ሚኒስትራችን ግን «ጋዝ ካለ ነዳጅም አለ፤ እናትና ልጅ ናቸው» አለ።

እኔም ከተማውን ለቅቄ ልሄድ ሁለቴ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ሁለቴም «ዘንድሮን ብቻ ታገስ፤ ለቢሮ የተማረ ሰው ይፈልጋሉ» ብሎ አስቀረኝ። አመንኩት። ሥራው ሳይመጣ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ጠላሁት።

ባለፈው ወር ከዚያን ጊዜ ጂኦሎጂስቶች አንዱን ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘሁት።

«ለአጎትህ በመጀመሪያው ጉድጓድ ማግስት ነግሬዋለሁ እኮ» አለኝ፤ «በአካባቢው ነዳጅ የለም።»

ደሜ ፈልቶ ቤቱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እያወቅህ ነው የዋሸኸን?»

ራዲዮኑን ዘጋው።

«ዛፎቹን ከቆረጥኩ በኋላ ምን ልበል? ቆይቶ ደግሞ ሰው ሁሉ መሄድ ጀመረ። ሊወጣ ነው ስላቸው አንድ ዓመት ይቆያሉ። አንተን ግን… እናትህ ሐኪሙ ያላትን እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር።»

በእሱ ውሸት በቀረሁባቸው ሁለት ዓመታት እናቴን አጥቤያታለሁ፣ አጉርሻታለሁ፣ ዓይኗን በእጄ ከድኛለሁ።

እስካሁን ይቅር አላልኩትም። በየእሑዱ ግን፣ ጥርሱ ስላለቀ፣ ለስላሳ ለስላሳውን መርጬ ምሳ አደርስለታለሁ።