ቀፎው በማን ዛፍ ላይ ነው?

ሰው ደንብ የሚያወጣው ለሌላው ነው። እርስዎም ቢሆኑ፣ አይክዱኝ፣ ሰልፍ ላይ «ተራ ይጠበቅ» ብለው የጮኹት ከኋላዎ ያለው ሊቀድምዎ ሲል እንጂ ከፊት ወዳጅ ያገኙ ዕለት አይደለም። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ አባቶች። አባቶች ኮምፒውተር አላጋጠማቸውም። ኮምፒውተር የሚቆመው ቁም ባሉት ቦታ ሳይሆን በጻፉለት ቦታ ነው፤ ያሉትና የጻፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም።

ቦንጋ አይሲቲ አስተምር በነበረበት፣ ሁሉ ነገር በሚገመገምበትና ቃለ ጉባኤ በሚያዝበት ግንባሩ አገሪቱን በሚገዛበት በዚያ ዘመን፣ የራሳችን የካርታ ጨዋታ ነበረችን። እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ከጸሎት ቤትም መልስ፣ አራት ሆነን በመምህራን ማረፊያ እንቀመጣለን። ካርታዎቹን ከማኒላ ወረቀት የቆረጥናቸው እኛው ነን፦ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዛፍ፣ ቀፎ፣ ቡና የሚዘርፍ ጦጣ። እያንዳንዳችን ከሳጥኑ ሠላሳ ሠላሳ መርጠን የየራሳችንን ጥቅል እናዘጋጃለን፤ ብዙ ማር የቆረጠ ያሸንፋል። የማን ጥቅል ደንብ ጠበቀ የሚለው ክርክር ጨዋታውን ሲበላብን ግን፣ እኔ ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር፣ ጥቅል የሚመረምር ሶፍትዌር ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ ገልብጬ መጣሁ። የራስዎን ደንብ ጽፈው ያስገቡበታል። «ቀፎ ያለው ዛፍ ይኑረው» ብዬ ጻፍኩ፤ በአራት ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ ያለፈ ደንብ ነው።

ጋሽ አድማሱ የማንኪራ ሰው፣ የግብርና መምህር፣ የሁላችንም ታላቅ ናቸው። ጥቅላቸውን አስገባሁ። ስምንት ቀፎ፣ አንድም ዛፍ የለም። ማሽኑ «ተቀባይነት የለውም» አለ።

«ዛፉማ የጎረቤቴ ነው» አሉ ረጋ ብለው።

የሒሳብ መምህሩ ታሪኩ ሳቀ። «ታዲያ ጋሽ አድማሱ፣ ቀፎውን አየር ላይ ሊሰቅሉት ነው?»

እኔም ሳቅሁ። ይህን የምነግርዎት ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው። ጋሽ አድማሱ ኮታቸውን አንስተው ወጡ፤ ሁለት እሑድም ቀሩ። ጨዋታው ጨው የሌለው ወጥ ሆነብን። የባሰብኝ ግን ሰኞ ሰኞ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው ማጠሩ ነው፤ እኚህን ሰው ማጣቴ ነው አልኩ።

ያባነኑኝ አራተኛዋ ተጫዋች፣ የመዝገብ ቤቷ እትዬ አስቴር ናቸው።

«በእኛም አገር በሺሺንዳ እንደዚያው ነው» አሉኝ። «ዛፍ የሌለው በጎረቤቱ ዛፍ ይሰቅላል፤ ማሩ ሲቆረጥ ይካፈላሉ። ዛፍ ይኑረው ተባለ እንጂ የራሱ ይሁን መቼ ተባለ? ሰውየው አላጭበረበሩም፤ አንተ ነህ ያልጠየቅካቸው።»

መብራት እስኪመጣ እየጠበቅሁ ሦስት ቀን ደንቡን ሳርም ሰነበትኩ። «ዛፍ ከሌለው ጎረቤቱ ይታይ» የሚል ጨመርኩ። የጋሽ አድማሱ ጥቅል አለፈ። የእትዬ አስቴርም አለፈ፣ የኔም። ሠላሳውንም ቀፎ ያደረገው የታሪኩ ጥቅል እንኳ አለፈ። ማሽኑ የዘመኑን ስብሰባ መሰለ፤ የቀረበለትን ሁሉ በሙሉ ድምፅ ያጸድቃል። እኛም ደስ ብሎን ዛፎቻችንን ወደ ሳጥኑ መለስን። ጎረቤት እያለ ማን ዛፍ ይሸከማል?

ጋሽ አድማሱ ቤት ድረስ ሄጄ ማሽኑ እንዳመነላቸው ነገርኳቸው። እሑድ መጡ። ይቅርታውን በልቤ አጥንቼዋለሁ፤ ገና አፌን ስከፍት ግን ስክሪኑን አጎንብሰው እያዩ ጠየቁኝ።

«ያንተ ቀፎ የት ነው?»

«ታሪኩ ዛፍ ላይ።»

«የታሪኩስ?»

«እትዬ አስቴር ዛፍ ላይ።»

እትዬ አስቴር ሳይጠየቁ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ዛፉስ?» አሉ ጋሽ አድማሱ።

ለካስ የጻፍኩት ደንብ የሚጠይቀው ጎረቤት መኖሩን ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ዛፍ ይኑረው አይኑረው አያይም። በዚያ ዘመን ስንት ሪፖርት እንዲህ እርስ በርሱ ተንጠልጥሎ እንደኖረ እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔ አላነሳውም።

እዚያው አረምኩት። ጎረቤት ዘንድ ዛፍ ከሌለ ጥቅሉ አይለፍ፤ የዛፉ ባለቤትም ከማሩ እኩሌታውን ይውሰድ። እኩሌታው የጋሽ አድማሱ ሐሳብ ነው፤ እሱም በአራት ድጋፍ አለፈ። ወዲያው ማሽኑ አራታችንንም «ተቀባይነት የለውም» አለን። ሦስታችን ወደ ሳጥኑ ስንሮጥ ጋሽ አድማሱ ቀድመውናል። የመለስናቸውን ዛፎች አንድ ሳያስቀሩ አውጥተው ጥቅላቸው ውስጥ ይደረድራሉ። ቀፎ የሚባል አልነኩም።

«ስቀሉ እንጂ» አሉን። «ጎረቤት አይደለን?»

በዚያ ከሰዓት ማር ቆራጮቹ እኛ ነበርን፣ በዪው እሳቸው። ያጠናሁትን ይቅርታ የማነሳበት ፋታም አላገኘሁ፤ ይቅርታ ልለምናቸው የመጣሁት ሰውዬ፣ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ዛፍ ስለምናቸው ዋልኩ።