የተዋሂው ክቡር አድሚን

ሐበሻ ከሁለት በላይ ሆኖ በኖረበት አገር ሁሉ አንድ የዋትሳፕ ቡድን ይቋቋማል፤ ቡድን ባለበት ደግሞ አንድ አድሚን አይጠፋም። ደመወዝ የለውም፣ የሾመው አይታወቅም፣ የሚሽረውም አልተወለደም። እናንተም አንዱን ታውቁታላችሁ። የለጠፋችሁትን ቀልድ ገና ሰው ሳይስቅበት ያጠፋባችሁና ስለ ሥነ ሥርዓት ይመክራችኋል።

የእኛ፣ የመን ዓደን ከተማ ያለነው ሐበሾች፣ አድሚን ክቡር ጃፋር ናቸው። ተዋሂ በሚባለው ሰፈር፣ ወደቡ አጠገብ፣ ሁለት ሰው በማታስቆም ሱቅ ሞባይል ይጠግናሉ። የተሰበረ ስክሪን ሲቀይሩ እንኳ አንድ ዐይናቸው ቡድኑ ላይ ነው። ሰላምታቸውም ስንብታቸውም አንዲት ቃል ናት፤ "ምንጭ?"

ዐብደላ የተባለው ጎረቤታችን ሚስቱ ወንድ ልጅ እንደወለደች ያበሰረን ዕለት ሁላችንም "ማሻአላህ" ስንል ክቡርነታቸው "ማሻአላህ፤ ምንጭ?" ብለው ጻፉ።

"ያ አኺ፣ አባቱ ነኝ እኮ! ምንጩ እኔ ነኝ!" አለ ዐብደላ። የሕፃኑ ፎቶ እስኪመጣ ድረስ ደስታችን በይደር ቆየ።

ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ቀን የሚጠብቁት ልጆች "ድንበሩ ተከፈተ" የሚል የድምፅ መልእክት ሲያመጡ ተሰምቶ ሳያልቅ ይጠፋል። "ነፃ ኢንተርኔት ለማግኘት ለአሥር ሰው ላክ" የሚለው መልእክትማ ላኪውን ጭምር ያስባርራል። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ "የመናገር ነፃነት የት ገባ?" ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄዬ በነበረበት ቦታ "ይህ መልእክት በአድሚን ጃፋር ተሰርዟል" የሚል ብቻ አገኘሁ።

ከሁሉም የሚብሰው የመብራቱ ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት አስታወቀ። ክቡርነታቸው ሐሰተኛ ወሬ ነው ብለው አጠፉት። ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ተቆጣሁ።

"ማኅተም አለበት እኮ፣ ጃፋር!"

"ማኅተም ምንጭ ነው እንዴ?" አሉኝ፣ በላብ የተጣበቀ ሸሚዛቸውን ከደረታቸው እያላቀቁ። "ጋሽ ሐዲስ፣ ማራገቢያው ይዞራል?"

አይዞርም። በወረቀቱ መሠረት መዞር የነበረበት ሰዓት ነው። በዚህ ከተማ መንግሥት ነኝ የሚል ብዙ ነው፣ የሚያምነው ግን አጥቷል። እኛ ስደተኞቹ ደግሞ አቤት የምንልበት ደጅ ጭራሹን የለንም። ያለችን ያቺ ቡድን ናት፤ እሷም በእኚህ ሰውዬ እጅ ወድቃለች።

ከዚያ የፋጡ የድምፅ መልእክት መጣ። ፋጡ ሰው ቤት የምታጸዳ፣ ከጥቅምት እስከ ጥቅምት አንድ ቃል የማትጽፍ ሴት ናት። እያለቀሰች ነው የምትናገረው። "ወላሂ፣ ወንድሜን ወሰዱት! ሰኒን ከቢር ፈድል ከእርሻ ሲመለስ ኬላው፣ ኑቅጣው ላይ፣ ከሚኒባስ አውርደው፣ ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ወረቀትህ የታለ ብለው ደብድበው ወሰዱት። ፖሊሶቹ ጋ፣ ሹርጣ፣ ሄጄ 'የለም' አሉኝ። ያ ጀማዓ፣ የት ልሂድ?"

"ዝም በይ፣ ሁላችንንም ታስጨርሺናለሽ" አለ አንዱ። "ተሻግሮ ይሆናል" አለ ሌላው። እኔ የአድሚኑን መሰረዣ ጠበቅሁ። አልሰረዘም፣ "ምንጭ?"ም አላለም። ሱቁን ዘግቶ እኔ ጋ መጣና "ጋሽ ሐዲስ፣ ና አብረን እንሂድ" አለኝ። ከዚህ በኋላ ክቡርነቱን ልተወውና ጃፋር ልበለው፤ ለቀልድ የሚሆን ሆድ የለኝም።

መጀመሪያ ሹርጣ ሄድን። በር ላይ የቆመው ዐስከሪ "እንዲህ የሚባል ሰው የለም" አለ። ጃፋር ዝም ብሎ ቢመለስ ምን ነበረበት! በዐረብኛ "ምንጭህ ማነው?" አለው። ሸሚዙን ይዤ ጎተትኩት። ዐስከሪው ሳቀ፤ ሳቁን አልወደድኩትም።

ከዚያ ቢር ፈድል ሄድን። እርሻው ላይ የሚሠሩት ልጆች ሰኒ የተሳፈረበትን ሚኒባስ ነገሩን። ሾፌሩ ዋኤል "ምንም አላየሁም" አለ። ጃፋር አልተከራከረውም። የሰኒን ፎቶ ስልኩ ላይ እንደከፈተ ጎኑ ተቀመጠ። ሾፌሩ ዐይኑን ከመሪው ሳያነሳ "ቀኝ እጁ ተሰብሯል" አለ። "ስሜን ግን እንዳትጠራ። ልጆች አሉኝ።"

ተዋሂ እንደገባን ጃፋር ጻፈ። "ተረጋግጧል። ሰኒ ኑቅጣው ላይ ተይዟል፤ ቀኝ እጁ ተሰብሯል። ምንጭ፦ ጃፋር።"

"ስምህን አጥፋው" አልኩት።

"ምንጭ የሌለው ወሬ ማን ያምናል?" አለኝ።

መልእክቱ ከቡድናችን ወጥቶ በየመናውያኑም ስልክ ላይ ዞረ። በሳምንቱ ሰኒን፣ እጁን በሻርፕ እንዳንጠለጠለ፣ መንገድ ዳር ጣሉት። በማግሥቱ ሰዎች ወደ ጃፋር ሱቅ መጡ። "ለአምስት ደቂቃ ጥያቄ" ብለው ከነስልኩ ወሰዱት። ፋጡና እኔ እዚያው ሹርጣው በር ሄደን ጠየቅን። "የለም" አሉን። የደንበኞቹ ስልኮች ሱቁ ውስጥ እንደተቆለፈባቸው ናቸው፤ አንድም ሰው ስልኬን ብሎ አልመጣም።

አሁን ሙሉ የመናገር ነፃነት አለን። ድንበሩ በየቀኑ ይከፈታል፣ ነፃ ኢንተርኔት ይታደላል። ስለ ጃፋርም እንደ ልብ ይወራል፤ ሞቷል፣ ሳዑዲ ታይቷል፣ ድሮም ሰላይ ነበር። የሚሰርዝ የለም። ያ ነዝናዛ ሰውዬ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር።

ትናንት አልቻልኩም። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ "ጃፋር ተፈቷል!" ብዬ ለጠፍኩ። ስልኩ እጁ ላይ ካለ፣ የትም ይሁን የት፣ ይህን አይቶ ዝም አይልም፤ ሲሰርዘው ባይ በሕይወት አለ ብዬ እተኛለሁ። "አልሐምዱሊላህ" ዘነበ። "እልል" ያለም አለ። ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቆየሁ።

ከዚያ ፋጡ ጻፈች።

"ምንጭ?"

ጣቴን መልእክቴ ላይ አሳርፌ ሰረዝኩት። በቦታው "ይህ መልእክት ተሰርዟል" የሚል ቀረ። የጃፋር ስም አልነበረበትም።