እሜቴ ጌጤና የጉና አበቦች

መንገደኛ አስቁሞ ያበቀለውን ሳያሳይ የማያሳልፍ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛዋ ክብርት እሜቴ ጌጤ ነበሩ። ንጉሡ ደብረ ታቦር በሰፈሩባቸው ዓመታት ጭፍራው ሁሉ የሚያልፈው በእሳቸው በር ነው፤ ጦር የያዘውንም፣ በቅሎ የሚስበውንም፣ ለቅሶ የሚሄደውንም ሳይለዩ «እስቲ አንዴ ጎንበስ በል!» ይሉታል።

የሚያሳዩት ጎመን ወይም ጌሾ ቢሆን ማን ይቀየም ነበር? እሜቴ ግን በደጃቸው ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ መደብ ክበው፣ ውስጡን ጠጠርና ጥቂት ስስ አፈር ሞልተው፣ ከጉና ተራራ አናት ያወረዷቸውን ጣት የማያክሉ አበቦች ተክለዋል። ጦስኙ እንኳ ለወጥ ይሆናል፤ የቀሩት አይበሉ፣ አይጠመቁ። መስከረም ሲጠባ ሦስት ሳምንት ያብባሉ፣ በቃ።

እኔ የአጥር ጎረቤታቸው ነበርሁ። በእሳቸው በር ላለማለፍ ስል በጓሮ ዞሬ የገዛ ገብሴን ስንት ጊዜ ረግጫለሁ! ከያዙኝም መልሴ አንድ ነው፦ «ነገ አያለሁ፣ እሜቴ።»

አንድ ዓመት በነሐሴ ይፋግ ያለች እህታቸው ጠናባትና ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝ።

«መርሻ፣ አደራህን። ፍየል እንዳይገባባቸው ጠብቅልኝ። ሌላ ምንም አትንካ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

እኔ ደግሞ ገበሬ ነኝ፤ አውቃለሁ። በማግስቱ ባይ የዝናቡ ውሃ በድንጋዮቹ መካከል እየተንቆረቆረ ይወጣል። «እኝህ ሴትዮ መደብ መካብ እንኳ አያውቁም» ብዬ ሽንቁሩን ሁሉ በጭቃ መረግሁት። አፈሩም የከሳ መሰለኝና ሁለት ቅርጫት ፍግ ደፋሁበት። ሲመለሱ እንዴት እንደሚመርቁኝ እያሰብሁ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ውሃው መውጫ አጥቶ ተኛ። በሁለት ሳምንት ሥሩ ሁሉ በሰበሰ፤ ጦስኙም ጠቆረ። መምጣታቸውን ስሰማ ጭቃውን በችኮላ ፈቅፍቄ፣ እጄን ታጥቤ ጠበቅኋቸው። እህታቸውን ቀብረው ነበር የመጡት። መደቡን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ምን ነካቸው?»

«እንጃ፣ እሜቴ። ዝናቡ በዛ መሰለኝ።»

«ይሆናል» አሉና ገቡ።

ከዚያ ወዲያ አልተከሉም። ጉልበታቸው ጉናን አልወጣም አለ። መንገደኛውም ሳይቆም ያልፍ ጀመር። እኔም በፊት ለፊት መንገድ፣ ፊታቸውን ላለማየት አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ማንም የማይጠራበት መንገድ ያን ያህል ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ጳጉሜን ላይ አላስችል አለኝና ጉና ወጣሁ። አበቦቹን ከነሥራቸው በቅርጫት አወረድሁ፤ እሜቴ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ፍጉን ጠርጌ፣ ጠጠር ሞልቼ ተከልኋቸው። መስከረም አጋማሽ ላይ አበቡ። ያን ጊዜ በራቸው ቆምሁ።

«እሜቴ፣ ይውጡልኝ። አበቦቹን የገደልኋቸው እኔ ነኝ። ሽንቁሩን የመረግሁ፣ ፍግ የደፋሁ እኔ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ከይፋግ ስመጣ ፍጉ ከሩቅ ይሸት ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«እህቴን ቀብሬ መጥቼ፣ በዚያው ቀን ጎረቤቴንም ልጣ?»

አዲስ መትከሌን ነገርኋቸውና ወደ መደቡ ወሰድኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው ዳሰሱ። ያኔ ነው ዓይናቸውን ያየሁት፤ ሁለቱንም ሞራ ሸፍኖታል። ማየት የሚችሉባቸውን የመጨረሻ መስከረሞች የቀማኋቸው እኔ ነበርሁ።

«ይህኛው ቀለሙ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቀይ ነው» አልሁ።

«ምን ቀይ ነው! ቅጠሉ ጦስኝ ነው፤ የጦስኝ አበባ ወይን ጠጅ ነው። ደህና አድርገህ እየው እንጂ።»

ደህና አድርጌ አየሁት። እውነትም ወይን ጠጅ ነበር፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ነጣ ይላል። ይህንኑ ነገርኋቸው።

«ጫፉ እንኳ ሁልጊዜ አይነጣም» አሉ ደስ ብሏቸው፣ ጣታቸውንም ወደሚቀጥለው አሳለፉ። «ይኸኛውስ?»