የእድራችን ኮሚቴ የተቀነሰበት እሑድ

የእድራችንን ኮሚቴ ቀነስነው። ሕዝበ ውሳኔ አድርገን፣ በገዛ ድምፃችን።

አትሳቁ። እኛም ስቀን ነበር። ሰሞኑን አንዲት የደሴት አገር፣ ሕዝቧ በሙሉ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ቢገባ ጎረቤት እንኳ የማያስተውላት፣ የፓርላማዬን ወንበር ልቀንስ ወይ ብላ ሕዝቧን መጠየቋን ሰምተን፣ «ለዚህች ቁራሽ መሬት ይኼ ሁሉ እንደራሴ!» አልን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። የእኛ ኮሚቴ ከተራው አባል ይበዛ ነበር። እንዴት ብትሉ፣ እኛ ዘንድ ያኮረፈ የሚታረቀው በወንበር ነው። የሆሳዕናው ሲቀየም ምክትል፣ የጎንደሩ ሲቀየም የምክትሉ ምክትል። የድንኳን ኃላፊ ከነረዳቱ ነበረን። ረዳቱ እኔ ነኝ። ድንኳን ግን የለንም።

ብዙ ማውራት አልወድም። ይህን ብቻ ልበል፦ በወጣትነቴ ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር፣ ሱቅ ውስጥ ዱቄት ጆንያ ላይ ስናድር፣ አብሮን የሚሠራ ልጅ ሞተ። ሊቀ መንበር አልነበረንም። አጥበን ገንዘን ቀበርነው። በማግስቱ ሱቅ ከፈትን። የቀረውን ተዉት።

ታዲያ የብርቄ፣ የክሊፕታውኗ ባለሱቅ፣ ባል አረፈ። «ልጆቹ ባሉበት፣ እዚሁ ይቀበርልኝ» አለች። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ግማሹ አስከሬኑ አገር ቤት ይሂድ አለ፤ ግማሹ እዚሁ ይቀበር፤ የቀረው አጀንዳው ይሻሻል። እንደገና ተሰበሰበ። እንደገና።

እሑድ፣ አባሉ ሁሉ ባለበት፣ ብርቄ ተነሣች።

«ጋሽ ደምሴ» አለች ሊቀ መንበሩን፣ «ባሌ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ እናንተ ወንበር ላይ ናችሁ። መቼ ነው የምትነሡለት?»

«እኅቴ፣ ደንቡ እኮ...»

«ደንቡን ይተዉትና እንደዚያች ደሴት ሕዝቡን ይጠይቁ። ኮሚቴው አምስት ሰው ይሁን ወይስ እንዳለ ይቆይ?»

ጋሽ ደምሴ ፈገግ አሉ። «ይጠየቅ! ፊቴ እጁን የሚያወጣውን አያለሁ።»

እውነታቸውን ነው። በእጅ ቢሆን ይሉኝታ ሁላችንንም አስሮ ያስቀረን ነበር። ብርቄ ግን ከሱቋ ቦሎቄና በቆሎ ይዛ መጥታለች። ይቀነስ ለሚል ቦሎቄ፣ ይቆይ ለሚል በቆሎ። ከሁለቱም አንዳንድ ፍሬ ያዝን፤ የጨበጥነውን እጅ ባልዲ ውስጥ እያስገባን አንዱን ጣልን።

ባልዲው ሲዘረገፍ ቦሎቄ ብቻ። አንዲት በቆሎ የለችም! ምክትሎቹ፣ የምክትል ምክትሎቹ፣ ጋሽ ደምሴ፣ እኔም ጭምር፣ የሚቀነሰው ሌላው መስሎን ነበር።

«ኧረ ማነው እንዲህ የጨከነብኝ?» ብለው ጀመሩ ጋሽ ደምሴ። ከዚያ የራሳቸው ቦሎቄ ትዝ አላቸውና ሳቁ። አዳራሹ አብሮ ፈነዳ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ብለው ሐዘንተኛዋን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ።

«በሉት» አለች ብርቄ፣ «እሱም ቢኖር ይስቅ ነበር።»

እልልታው መንገድ ድረስ ተሰማ። አምስቱን እዚያው መረጥን፤ አምስቱም ከመቀመጣቸው በፊት «እዚሁ ይቀበርልኝ» ያለችውን የብርቄን ቃል አጸደቁ። ጋሽ ደምሴ አልተመረጡም። እኔም።

ማክሰኞ ቀበርነው። ሰዉ ተበትኖ ሲያልቅ፣ አፈሩን ሊያስተካክሉ መቃብሩ ዘንድ የቀሩት ብርቄ፣ ሁለቱ ልጆቿና አካፋ የያዙት ጋሽ ደምሴ ነበሩ።