የዲስኩ መሙላትና የኮሚቴው ትዕግሥት

ስብሰባ የሌለው ሥራ ነፍስ የተለየው ሥጋ ነው። ይህን ያስተማረኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ለመዝገብ ቤት አይመጥንም ብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ያወረደኝ የተከበረው የሐዋሳ መሥሪያ ቤታችን ነው። እግዜር ይስጠው።

የመሠረታዊ ሥራ ሂደት ለውጥ በነገሠበት ዘመን፣ ሰነዳችንን ሁሉ የሚይዝ ሊኑክስ የተጫነበት ሰርቨር ነበረን። የምታስተዳድረው ወንጌላዊት ናት። ማውስ አትነካም፤ የስክሪኑ ጥቁር መስኮት ላይ አጭር ትእዛዝ ትጽፋለች፣ ማሽኑም ይታዘዛታል። መታዘዝ ለአለቃ ብቻ በሚገባበት ቤት ይህ ያሳስባል።

አንድ ጠዋት ለስብሰባ ወንበር ሳስገባ፣ የሥራ ሂደቱ ባለቤት አቶ ማቴዎስ ፊት ቆማለች።

«ጋሼ፣ ዲኤፍ ብዬ ጻፍኩ፤ ዲስኩ ሊሞላ ነው። ዲዩ ብዬ ደግሞ ማን እንደሞላው አየሁ።»

«ማነው ኪራይ ሰብሳቢው?»

«የስብሰባዎቻችን ቪዲዮ ነው። የቆዩትን በአርኤም ልሰርዛቸው? አንድ መስመር ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ኮሚቴ ይየው። ማሽኑ ከቆመ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ግምጃ ቤት ትወርጃለሽ።»

ኮሚቴው ተቀመጠ። እንደ ደንቡም ተቀረጸ፣ ቅጂውም ሰርቨሩ ላይ ተቀመጠ።

«የሐምሌው ንግግሬም ሊሰረዝ ነው?» አሉ ወይዘሮ እህተማርያም፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ጉዳዩ ለጥናት ተላለፈ። ጥናቱ ተገመገመ፣ ግምገማው ተቀረጸ። ወንጌላዊት ትእዛዝ በማሳጠሯ ግለ ሂስ አደረገች፤ እሱም ተቀረጸ። አመራሩ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ በልቶ ተመለሰና፣ በሙሉ ድምፅ ይሰረዝ አለ። ተጨበጨበ! እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ላይ ወንበር ባይኖር ኖሮ የበለጠ ባጨበጨብኩ።

«ውሳኔው የሚጸናው የዚህ ስብሰባ ቪዲዮ ሰርቨሩ ላይ ሲገባ ነው» አሉ አቶ ማቴዎስ።

ወንጌላዊት ሞከረች። «አልገባም አለ፣ ጋሼ። ዲስኩ ሞላ።»

«እንግዲያው አልጸናማ!»

«ጥቂት ልሰርዝና ላስገባው?»

«ባልጸና ውሳኔ? አንቺ ልጅ፣ ሕግ አለ!»

በማግስቱ ማሽኑ ቆመ። ወንጌላዊት ቦርሳዋን አንግታ እኔ ዘንድ ወረደች።

«ጋሽ ደረሰ፣ የት ልቀመጥ?»

ዞር ብዬ አየሁ። ግምጃ ቤቱ እስከ ጣሪያው ስብርባሪ ወንበር ነው። ይወገድልኝ ብዬ ካመለከትኩ ሦስት ኃላፊ ተቀያይሯል።

«ይህቺን እግር የሌላትን ወደ ውጪ ላውጣትና ቦታ ላግኝ» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ማን ፈቀደልሽ?» አልኳት፤ ድምፄ ቁርጥ አቶ ማቴዎስን።