ራሱን ስቶ ሰላምታ የመለሰው ቁስለኛ

ሁስኒያ፦ አባባ አብዱልወሀብ፣ ራሱን የሳተ ሰው ይናገራል እንዴ?

አብዱልወሀብ፦ አይናገርም።

ሁስኒያ፦ ታዲያ ምነው ተናገሩ?

አብዱልወሀብ፦ መቼ ተናገርኩ? ሰላምታ ነው የመለስኩት!

[ኮምቦልቻ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ። ለነርስ ተማሪዎች የአደጋ ጊዜ ዝግጅት ፈተና ነው። ከደሴ ቁልቁል ሲወርድ የነበረ አውቶቡስ ተገልብጧል ተብሏል፤ አውቶቡሱ ግን የለም። የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር «ቁስለኛ ሁን» ብለው የላኳቸው ጨርቅ ነጋዴው አባባ አብዱልወሀብ ሣሩ ላይ ተጋድመዋል። ሁስኒያ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ናት፤ ይህን ፈተና ግን አምና ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች ከትምህርት ቤቱ መሰናበቷ ነው።]

ሁስኒያ፦ ራስዎን ስተው ሰላምታ ይመልሳሉ?

አብዱልወሀብ፦ «አሰላሙ አለይኩም» ያልሽው አንቺ! መመለስ ግዴታ አይደለም እንዴ፣ ልጄ?

ሁስኒያ፦ ያልሰማ ሰው ግዴታ የለበትም።

አብዱልወሀብ፦ ሰምቼስ?

ሁስኒያ፦ አልሰሙም!

አብዱልወሀብ፦ አሁን የምትይውንም?

ሁስኒያ፦ ኧረ ይኼንን ይስሙ!

አብዱልወሀብ፦ የቱን ሰምቼ የቱን ልተው? ያ ረቢ! ለመሆኑ የቱ ጋ ነው የተጎዳሁት?

ሁስኒያ፦ ጭንቅላትዎን።

አብዱልወሀብ፦ እኔን የሚያመኝ ጉልበቴን ነው። ጉልበቴን ብናደርገውስ?

ሁስኒያ፦ አይቻልም! የሚራመድ ይጠብቃል፣ የሚጮህም ይጠብቃል፤ ዝም ያለ ነው ቀድሞ መኪና ላይ የሚወጣው።

አብዱልወሀብ፦ ዝም ያለ ይቀድማል? እኔ ሱቅ ዝም ያለ ገበያተኛ እንደቆመ ነው የሚመሽበት።

ሁስኒያ፦ ይኼ ሱቅ አይደለም! አሁን ሲስተር ፀሐይነሽ ሊፈትኑኝ ይመጣሉ። ማንም ምን ቢልዎት ትንፍሽ እንዳይሉ። ይማሉልኝ!

አብዱልወሀብ፦ አንቺ ብትጠይቂኝስ?

ሁስኒያ፦ እኔም ብሆን!

አብዱልወሀብ፦ ወላሂ ትንፍሽ አልልም። አብሽሪ።

[ፈታኟ ሲስተር ፀሐይነሽ መጡ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን የወሎ ሰው ናቸውና ሰላምታውን ያውቁበታል።]

ሲስተር፦ አሰላሙ አለይኩም!

[የአባባ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። አባባ ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም።]

ሁስኒያ፦ ወአለይኩም አሰላም! ሲስተር፣ እኚህ ቁስለኛ ራሳቸውን ስተዋል።

ሲስተር፦ በምን አወቅሽ?

ሁስኒያ፦ ገና ከሩቅ ሳያቸው ገባኝ።

ሲስተር፦ ጠርተሻቸዋል?

ሁስኒያ፦ ለምን እጠራቸዋለሁ? ስተዋላ!

ሲስተር፦ እንቅልፍ ወስዷቸው ቢሆንስ? መጀመሪያ መጥራት ነው። ሰላምታ እንኳ ይበቃል፤ የመለሰ አልሳተም። [እስክሪብቷቸውን አወጡ] ሳትጠሪ ከሆነ እንግዲህ...

ሁስኒያ፦ ኧረ ሰላም ብያቸዋለሁ! መልሰውልኛልም!

ሲስተር፦ ከመለሱ ምኑን ሳቱት?

ሁስኒያ፦ እሱ እኮ ቅድም ነው! አሁን ግን... አባባ፣ ይንገሯቸው እንጂ! ሰላም አላልኩዎትም?

[ዝም።]

ሁስኒያ፦ አባባ! [ትከሻቸውን ይዛ እየነቀነቀች] አባባ አብዱልወሀብ! ኧረ በአላህ ይመልሱልኝ! መውደቄ ነው!

[ዝም። አባባ ሳቃቸውን አፍነው ዕንባቸው መጥቷል።]

ሲስተር፦ በቃ፣ በቃ! ቅድም የመለሱ ሰው አሁን ካልመለሱ ብሶባቸዋል ማለት ነው። ጠራሽ፣ ነቀነቅሽ፣ አረጋገጥሽ። ብትዘገዪም አልፈሻል! ቶሎ ወደ መኪናው ይወሰዱ።

[ወደ ሌላው ቁስለኛ አለፉ። አባባ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።]

አብዱልወሀብ፦ ሄዱ? ወአለይኩም አሰላም ወራህመቱላህ!

ሁስኒያ፦ አባባ! እንደዚያ ስለምንዎት እንዴት አስችሎዎት ዝም አሉኝ?

አብዱልወሀብ፦ እኔስ «ራስዎን ይሳቱ» ብለሽኝ ነው የሳትኩት። አንቺን ማን «ራስሽን ሳቺ» አለሽ?